ይጮኻል እንጂ አይናገርም

ከሳሎናችሁ ቡፌ ላይ ዳንቴል የለበሰ አንድ ጥቁር ሣጥን ተቀምጦ ይሆናል። ዙሪያውን አምስት ትናንሽ ስፒከሮች፣ ወለሉ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ወፈር ካሉት፣ ያ ሣጥን «ሆም ቲያትር» የምንለው የዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ልጆቻችሁም «እማዬ፣ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይሠራል እንዴ?» ብለው ጠይቀዋችሁ ይሆናል። የእኔዎቹ ጠይቀውኛል። ይሠራል። ሥራም አለው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ሣጥን ነው።

እኛ ቤት የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። የባለቤቴ እህት ከዱባይ ስትመጣ በትልቅ ካርቶን ይዛልን መጣች። ዲቪዲ በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1997 ስለሆነ በሌላው ዓለም 10 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ ሰፈር ግን መዝሙርም ሆነ የአማርኛ ፊልም የሚታየው በቪሲዲ ነበርና፣ ዲቪዲ ያውም ከነስፒከሩ እንግዳ ነገር ነበር። ሊጠይቁን ከመጡ ሰዎች አንዱ ስፒከሮቹን ቆጥረው፣ «የአገልጋይ ቤት ነው ወይስ ሲኒማ ቤት?» አሉና ሳቁ። በሳቁ ውስጥ ጥያቄ እንዳለበት ገብቶኛል። የአገልጋይ ሚስት የሆናችሁ እህቶች ታውቁታላችሁ፤ ሳሎናችን የእኛ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ሻይ እየቀዳላቸው፣ «ቁጭ ብለው ይዩ እንጂ፣ ትኬት አናስከፍልም» አላቸው። ቁጭ ብለው አዩ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም መጡ።

ካርቶኑ ላይ በትልልቅ ቁጥር «1000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» የሚል ተጽፎበታል። ይህን ቁጥር አትመኑት። ሻጮች የሚወዱት፣ መሣሪያው ለቅጽበት ያወጣዋል ተብሎ የሚታሰብ ቁጥር ነው። ትክክለኛውን ማወቅ የፈለገ ሰው «አር.ኤም.ኤስ.» ከሚለው አጠገብ ያለውን ይይ፤ እሱም ካልተጻፈ ሣጥኑን አዙሮ ከጀርባው ስንት ዋት እንደሚበላ ያንብብ። ከሶኬት 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1000 ዋት ድምፅ ሲያወጣ አይውልም። ከየት አምጥቶ?

አሁን ወደ ስፒከሮቹ ልግባ። በስተግራና በስተቀኝ ያሉት ሁለቱ የፊት ስፒከሮች በዋናነት ሙዚቃውንና በምስሉ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ የሚሄደውን ድምፅ ይይዛሉ። ሁለቱ የኋላዎቹ ዝናቡን፣ ነፋሱን፣ የሕዝቡን ጫጫታ ያሰማሉ። ወፈሩ ነጎድጓዱን ይወስዳል። ከቴሌቪዥኑ ሥር መሃል ላይ የሚቀመጠው አምስተኛው ደግሞ ሴንተር ይባላል፤ በአብዛኛው ፊልም ሰው ሲናገር ንግግሩ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ካርቶኑ ላይ «5.1» ተብሎ የተጻፈው ይኼው ነው፤ አምስቱ ስፒከሮች፣ ነጥብ አንዱ ወፈሩ።

መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ሶፋው ከክፍሉ መሃል ተቀምጦ፣ የፊቶቹ ሁለት ስፒከሮች ከሰሚው ጋር ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ቅርጽ ሠርተው፣ የኋላዎቹ ከሰሚው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ከጆሮ ከፍ ብለው ያሳያል። የማን ሳሎን ነው እንዲህ ያለ? የእኛ ሶፋ ግድግዳ ተደግፎ ክፍሉን የሚዞር ነው። መሃሉ የረከቦት ነው። ስለዚህ የኋላዎቹን ሁለቱን ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅለን ፊታቸውን ወደ ክፍሉ ዘንበል አደረግንና ተስማማን። ምንም አልጎደለብንም። ከአምስቱ ውስጥ ቦታው መስተካከል ያለበት ሴንተሩ ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ እማማ ናቸው።

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። አባባ በ2000 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጥቂት ዓመታት ብቻቸውን ቆይተው ከሆሳዕና መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ ጆሯቸው እየደከመ ሄደ። ማታ ሁላችን ቴሌቪዥን ፊት ስንቀመጥ እሳቸው ፊታችንን ነበር የሚያዩት፤ ስንስቅ ይስቃሉ፣ ዝም ስንል ዝም ይላሉ። ይህን ማየት እንዴት ልብ እንደሚነካ በቤታችሁ አረጋዊ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው በሰው መሃል ተቀምጦ ብቻውን መሆኑ ነው። ቀስ በቀስም «ልተኛ» እያሉ ከእራት በኋላ ወዲያው መነሣት አመጡ። እንቅልፍ አልነበረም፤ መኝታ ቤታቸው መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል።

ባለቤቴ ወንዶች ሁሉ የሚያደርጉትን አደረገ፤ ድምፁን ጨመረ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እማማ ሁለት ጆሯቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አሉት።

ይህን አባባላቸውን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ምክንያቱም የጆሮ ሐኪም ከሚሰጠው ማብራሪያ ጋር ልክ ነው። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ተ የሚባሉት ፊደሎች የሚለዩት በዚያ በቀጭኑ ድምፅ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሽማግሌው ሰው እየተናገረ መሆኑን ይሰማሉ፣ ምን እንዳለ ግን አይለዩም። ድምፅ ሲጨመር ደግሞ የሚገንነው ቀድሞም የሚሰማቸው ወፍራሙ ነው። በዚያ ላይ የደከመ ጆሮ ኃይለኛ ድምፅ ሲመጣበት ከጤነኛው ይልቅ ይታመማል። «ይጮኻል እንጂ አይናገርም» ማለት ይህ ነው። ሐኪም አይቷቸዋል፤ የዕድሜ ነው ተብሏል። የጆሮ መርጃ መሣሪያ ተሰጥቷቸው ሦስት ቀን አድርገው፣ «ባቄላ ጆሮዬ ውስጥ የገባ ይመስለኛል» ብለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። በእናንተ ቤት ያሉ አረጋዊ ከተቀበሉት ግን እሰየው፤ ሆም ቲያትር የሐኪምን ቦታ አይወስድም።

እንግዲህ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ለብዙ ቤት ይጠቅማልና። ሴንተሩ ቡፌው ውስጥ ከመስታወት ጀርባ፣ በስኒዎቹና በሠርግ ፎቷችን መካከል ነበር የተቀመጠው። አውጥተን ከቡፌው ጠርዝ ላይ አስቀመጥነውና ከሥሩ ትንሽ እንጨት ደግፈን ፊቱን ወደ እማማ ወንበር አቀናነው። ከዚያ በሪሞቱ ወደ ስፒከር ማስተካከያው ገብተን የሴንተሩን ድምፅ ብቻ በ4 ዴሲቤል ጨመርን፣ የወፈሩን ቀነስን። ሦስተኛው ነገር «ናይት ሞድ» ወይም «ዲ.አር.ሲ.» የሚባለው ነው። ይህ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ አድርጎ ያቀራርባቸዋል። የተሠራው ሕፃን ተኝቶ ፊልም ለሚያዩ ወላጆች ነው ይባላል፤ ለአያቶችም ይሆናል። አጠቃላዩን ድምፅ እንዲያውም ከበፊቱ ቀነስነው።

በዚያ ምሽት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው የኢየሱስ ፊልም የአማርኛው ቅጂ ነበር። ከቆይታ በኋላ እማማ ከተዋንያኑ ቀድመው መናገር ጀመሩ። ልጆቹ ዞር ብለው አዩዋቸው። «ምን ታዩኛላችሁ? እሰማለሁ እኮ» አሉ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «የኋላ ስፒከሮቼ ዝም አሉ፣ ተበላሹ» ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይሸከማል። መጀመሪያ ዲስኩን እዩ። ቪሲዲ የሚይዘው የግራና የቀኝ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ዲስክም ከ74 ደቂቃ ብዙ አያልፍም፤ ለዚህ ነበር አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ የሚሸጠው። ስለዚህ የመዝሙር ቪሲዲ ስትከፍቱ የኋላዎቹም ሴንተሩም ዝም ቢሉ ብልሽት አይደለም። ሪሞቱ ላይ «ፕሮ ሎጂክ» የሚል ካለ ተጫኑት፤ ከሁለቱም ወገን እኩል የሚመጣውን ድምፅ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ የዘማሪውን፣ ለይቶ ወደ ሴንተሩ ይልከዋል። በተቃራኒው ደግሞ አምስቱን ድምፅ የያዘ ዲቪዲ ከፍታችሁ ሙዚቃው እየተሰማ ሰው አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ ካያችሁ፣ ወይ የሴንተሩ ገመድ ወልቋል፣ ወይ ማጫወቻው ሴንተር የሌለበት ቤት ውስጥ ሴንተር እንዳለ አስቦ ንግግሩን እየላከ ነው። ማስተካከያው ውስጥ «ስቴሪዮ» አድርጉት፣ ንግግሩ ወደ ሁለቱ ይመለሳል።

ስለ ገመድ ብዙ አልልም። ቢጫው ምስል፣ ቀይና ነጩ ድምፅ ነው፤ በቀለም በቀለሙ ይሰካል። አዲስ ቴሌቪዥን የገዛችሁና ማጫወቻችሁ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ያለው ከሆነ በእሱ አገናኙት፣ ምስሉ ይጠራል። የዲቪዲ ምስል ግን በእኛ ሀገር ሥርዓት 720 በ576 ነጥብ ብቻ ነውና ከዛሬዎቹ ስልኮች ቪዲዮ ጋር አታወዳድሩት።

ፊት ሁሉ ወፍራም ሆኖ ከታያችሁ ግን ምስሉ ተለጥጧል። የድሮ ካሜራ የሚቀርጸው ወደ አራት ማዕዘን በሚጠጋው 4፡3 ነበር፤ አዲሱ ቴሌቪዥን ሰፊው 16፡9 ነው፤ ቴሌቪዥኑ ባዶ ቦታ አልወድም ብሎ ሰውን ይለጥጠዋል። በሠርጋችን ፊልም ላይ ባለቤቴ እንደ ዛሬው ደንደን ብሎ ሲታይ ልጆቼ «አባዬ ድሮም ወፍራም ነበር» አሉ። ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ 4፡3ን መረጥኩና ቀጭኑን ሙሽራ መልሼ አሳየኋቸው። ጎንና ጎኑ ጥቁር ሆኖ ቢቀር ምን አለበት።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዲስክ ሌላ ጣጣ አለው። የሱቅ ፊልሞች የቀጠና ቁጥር አላቸው፤ አሜሪካና ካናዳ 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ አብዛኛው አፍሪካ 5 ነው። ማጫወቻው ሁሉን እንዲከፍት ካልተደረገ «የቀጠና ስህተት» ብሎ ይተፋዋል። ዘመድ ራሱ የቀረጸው የልደት ወይም የሠርግ ዲስክ ግን ቁጥር የለውም፣ ይከፈታል። ይሁን እንጂ የአሜሪካው የምስል ሥርዓት ኤንቲኤስሲ፣ የእኛ ፓል ስለሆነ በድሮ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ዲስኩን አትጣሉ፤ ማጫወቻው ውስጥ «ፓል» የሚል ምርጫ አለ። ማጫወቻውን ራሱን ከአሜሪካ ካስመጣችሁ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «100–240» ካለ ሰላም ነው። «120» ብቻ ካለ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል፣ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። መብራት ሲጠፋም ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ስኩ።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ቀን ትተኛለች። ወፍራም ድምፅ እንደ ቀጭኑ በግድግዳ አይገታም። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ስለሆነ የእኛን ቀጭን ግድግዳ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ወፈሩ ማዕዘን ላይ ሲቀመጥ ደግሞ የበለጠ ያጓራል። ስለዚህ ከማዕዘኑም ከእሷ ግድግዳም አራቅነው፣ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አደረግንለት። ቀን ቀን ጭራሹኑ ይነቀላል። «ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ምንም አላለችኝም» የምትሉ ካላችሁ፣ ሀገራችን ይሉኝታ ያለበት ሀገር መሆኑን አትርሱ፤ ሄዳችሁ ጠይቋት።

ስለ ዲስክ የምወደውን ልንገራችሁ። ያልቃል። ስልክ ላይ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱን ይከፍታል፤ ልጅም አዋቂም «አሁን ይበቃኛል» የሚልበት ቦታ ያጣል። ዲስክ ሲያልቅ ግን ማያው ይጠቁራል፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ማውጣት አለበት። በዚያች ክፍተት ነው እኛ ቤት ወሬ የሚጀመረው። ልጆቼ ስልክ አላቸው፣ አልከለክላቸውም። ዐርብ ማታ ግን የዲስክ ነው፤ መራጩ በየተራ ነው፤ እማማም ተራ አላቸው። የእሳቸው ምርጫ ሁልጊዜ አንድ ነው። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፣ ግን ይቀመጣሉ። አሁን በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳየው ኔትፍሊክስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው ዲቪዲ በፖስታ በመላክ ነበር፤ ያንን አገልግሎት በመስከረም 2023 ዘጋው። ዲስክ ከገበያ እየወጣ መሆኑን አውቃለሁ። የሚያሳስበኝ የሱቁ ፊልም አይደለም፤ እሱ በሌላ መንገድ ይገኛል። የሚያሳስበኝ በየቤታችን ያለው፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ዲስክ ነው።

የእኛ የመልስ ዲስክ እንዲህ ያለ ነው። ያገባነው በ1997 ዓ.ም. ነው። የሠርጉን አንድ፣ የመልሱን አንድ ዲቪዲ ፎቶ ቤቱ ሰጠን፤ ማጫወቻ ስላልነበረን ሁለት ዓመት ቡፌ ውስጥ ተቀመጡ። በመልሱ ዲስክ ላይ አባባ ተነሥተው ይመርቁናል። ከዚያ ውጭ ሲናገሩ የሚታዩበት ምስል የትም የለም። ልጆቻችን አያታቸውን አያውቋቸውም፤ ያላቸው ይህ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ልክ በ37ኛው ደቂቃ ላይ፣ አባባ ከወንበራቸው ሊነሡ ሲሉ ምስሉ ቆመ።

ምክንያቱን ማወቅ ለሁላችሁም ይጠቅማል። ፋብሪካ የሚያወጣው ዲስክ መረጃው በማተሚያ ተጭኖ የተቀረጸ ጉድጓድ ነው። ፎቶ ቤት ወይም ኮምፒውተር ላይ የተቀዳው ግን በቀለም ንጣፍ ላይ በጨረር የተጻፈ ነው፤ ቀለም ደግሞ በሙቀት፣ በፀሐይና በእርጥበት ይደበዝዛል። ውጫዊ ጭረት የሌለበት፣ ንጹሕ የሚመስል ዲስክም ሊሞት ይችላል። በጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ጠረግነው፤ ክብ እየሠሩ መጥረግ ጭረቱን በመረጃው መሥመር ላይ ስለሚያስተኛው አይመከርም። አልተለወጠም። አዲሱ ኮምፒውተር ጭራሹኑ «ዲስክ የለም» አለ። ያ የ1999 አሮጌ ሣጥን ግን እየተንተባተበ ያነበዋል።

አንድ የሚያውቅ ወጣት መላውን ሰጠን። ማጫወቻው ማንበብ ከቻለ፣ እያጫወተ ሳለ ምስሉን ከቢጫው፣ ድምፁን ከቀይና ከነጩ ገመድ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ይቻላል። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቅጃ አመጣልን። የመጀመሪያው ቀን 37ኛው ደቂቃ ላይ ቆመ። በሁለተኛው ቀን ማጫወቻው ሳይሞቅ በማለዳ ሞከርን፤ 38 አለፈ፣ ቆመ። በሦስተኛው ከ37 በኋላ ወዳለው ምዕራፍ ዘለን ከዚያ ጀመርን። እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አጣምረው ያያሉ። ባለቤቴ ሪሞቱን ይዞ ቆሟል። እኔ ትንፋሼን ነው የያዝኩት፤ እየሞተ ያለ ዲስክ ደጋግሞ ስለተሞከረ አይሻለውም፣ ሌንሱም ያረጀ ነው። አባባ ቆመው ታዩ። እጃቸውን ዘረጉ። እስከ መጨረሻው ሄደ።

የቀዳነውን ቆራርጠን ገጣጠምነው፤ አንዱ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላው ዱባይ ባለችው እህታችን ዘንድ ተቀምጧል። ከምርቃቱ መሃል 11 ሰከንድ ያህል አልተገኘም፤ ምስሉም ድምፁም የለም።

ባለፈው ዐርብ የእማማ ተራ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ምርጫ መረጡ። ፍላሹን ሰክተን «ፕሮ ሎጂክ»ን ተጫንን። የአባባ ድምፅ ከቡፌው ጠርዝ፣ ከሴንተሩ ወጣ፤ የዕድምተኛው «አሜን» ደግሞ ከሶፋው በላይ ከኋላችን መጣ። እማማ ከዕድምተኛው ጋር «አሜን» ይላሉ። ትንሹ ልጄ ሦስተኛው ላይ አብሯቸው ማለት ጀመረ። ምስሉ ወደሚጠፋበት ቦታ ሲደርስ ማያው ጠቆረና ዝም አለ። የጎደሉትን ቃላት እማማ ሞሉት፤ አንዱንም ሳይስቱ፣ በአባባ አነጋገር። ከዚያ አባባ ከሴንተሩ ቀጠሉ።

የሠርጉ ዲስክ ገና አልተቀዳም። ነገ ጠዋት ማጫወቻው ሳይሞቅ እንጀምራለን።